ለማን ነው የምንሰፋው?

 

ብርድ ሲበረታ ደጅ ለሚያድሩ ሰዎች ብርድ ልብስ በእጅ ሰፍቶ መስጠት ትልቅ ሰደቃ ነው። አሠራሩም ቀላል ነው፤ ከላይ አንድ ጨርቅ፣ ከታች አቡጀዴ፣ መሃሉ ጥጥ። ከልብስ ሰፊ ቤት የተረፈ ቁርጥራጭ ተቀጣጥሎም ይሆናል። ጥልፍ የለው፣ ጌጥ የለው። ታዲያ ለድሃ እንዲህ ያለ ተራ ነገር መስጠት እሱን ማቃለል አይሆንም ወይ?

ብርድ ልብሱን ተራ አድርገን የምንሰፋው በሁለት ምክንያት ሊሆን ይችላል። አንደኛው «ቶሎ አልቆ ይድረስለት፣ ለብዙ ሰውም ይዳረስ» ብለን ነው። ሁለተኛው «ለድሃ ምን አነሰው» ብለን ነው። ሁለቱ ብርድ ልብሶች ሲታዩ አንድ ሊመስሉ ይችላሉ። አላህ ዘንድ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 267 አላህ (ሱ.ወ) ከንብረታችን መጥፎውን መርጠን እንዳንሰጥ ከልክሎናል፤ ለእኛ ቢሰጠን ዓይናችንን ካልጨፈንን በቀር የማንቀበለውን ማለት ነው። እዚህ ላይ የተነገረው እኛው ራሳችን ስለምንጸየፈው ነገር ነው እንጂ ዋጋው ዝቅ ስላለው ሁሉ አይደለም። ስለዚህ ራሳችሁን ጠይቁ፦ የገዛ ልጃችሁን በዚህ ብርድ ልብስ ትሸፍኑታላችሁ?

ልዩነቱ የሚወጣው ዓይን በማያየው ቦታ ነው። ጥጡ በየ10 ወይም በየ15 ሳንቲ ሜትሩ በጠንካራ ክር ካልተቋጠረ፣ ሲታጠብ ተሰብስቦ አንድ ጥግ ይከማቻል፤ የቀረው ባዶ ጨርቅ ይሆናል። አዲስ ጨርቅ ታጥቦ ካልተቆረጠ በኋላ ይኮማተራል። ከመጠን በላይ የወፈረውም ክረምት ላይ አንዴ ከረጠበ ቶሎ አይደርቅም፤ ደጅ የሚያድር ሰው የት ያሰጣዋል? ይህን ማሰብ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የዚያን ሰው ሌሊት ማሰብ ብቻ ይበቃል።

ሌላም ወጥመድ አለ። «የእኔ ያማረ ይሁን» ብለን ስናስጌጥ ከርመን፣ ብርዱ ካለፈ በኋላ እናደርሳለን። ወይም ስንሰጥ ፎቶ ተነስተን የተቀባዩን ፊት ለሺህ ሰው እናሳያለን። በዚያው ሱራ አንቀጽ 264 ሰደቃችንን በመመጻደቅና ተቀባዩን በማስከፋት እንዳናበላሸው ተነግሮናል። በግዴለሽነት የሰፋም ሆነ ለታይታ ያስጌጠ፣ የሚበርደውን ሰው ረስቶ ራሱን እያየ ነው።

«ገበያ ላይ ርካሽ ብርድ ልብስ ሞልቶ ለምን እንደክማለን?» የምትሉ ካላችሁ እውነታችሁን ነው። ገዝታችሁ ስትሰጡ ብዙ ሰው የሚሞቅ ከሆነ ግዙ። የተፈለገው ሰው እንዲሞቅ ነውና። ገንዘብ ሳይኖራት ጊዜና መርፌ ላላት እህት ግን የሰደቃ በር አልተዘጋባትም።

እናታችን ዘይነብ ቢንት ጀሕሽን (ረ.ዐ) አስታውሱ። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከባለቤቶቻቸው ቀድማ የምትከተላቸው እጀ ረጅሟ እንደሆነች ሲነግሯቸው፣ እነሱ እጃቸውን ይለካኩ ነበር። ቀድማ የሞተችው ግን ቁመቷ አጭር የነበረችው ዘይነብ ሆነች፤ ይህም በ20ኛው ዓመተ ሂጅራ ነው። የእጅ መርዘም የተባለው ሰደቃ መሆኑ ያኔ ገባቸው። ዘይነብ ቆዳ እያለፋችና እየሰፋች በእጇ ሠርታ የምትሰጥ ሴት ነበረች።

ዛሬ ከሰላት በኋላ ቤታችሁ ውስጥ ያለውን ጨርቅ ተመልከቱ። የምትሰፉ ከሆነ ቋጠሮውን አጥብቁ፣ የምትገዙም ከሆነ ለራሳችሁ የምትወዱትን ግዙ። ስትሰጡም ዝቅ ብላችሁ ስጡ።

አላህ ኒያችንን ያጥራልን፣ ሰደቃችንን ይቀበለን፣ በብርድ ለሚያድሩትም ሙቀት ያድርግላቸው። አሚን።