ስለ ጥቅም የተደረገ ዕርቅ

ስለ ጥቅም የታረቀ ሰው በእውነት ታርቋል ይባላልን? ኢግልስ የተባለው የአሜሪካ የሮክ ሙዚቃ ጓድ በ1980 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) ተበተነ፤ በዚያው ዓመት ግሌን ፍሬይና ዶን ፌልደር በሎንግ ቢች መድረክ፣ በሕዝብ ፊት እየተጫወቱ ሲዛዛቱ አምሽተው ነበር። ዶን ሄንሊም ዳግመኛ አብረን የምንጫወተው ሲኦል በረዶ የሆነ ቀን ነው ብሎ ነበር። በ1994 ግን ተሰበሰቡ፤ ያንኑ ቃል የአልበማቸው ስም አደረጉት። በራሳቸው መሣቃቸው ደስ ያሰኛል። የመግቢያው ዋጋ ከ100 ዶላር በላይ ደርሶ ነበርና፣ ያስታረቃቸው ገንዘብ ነው የሚል ሰው ሐሜተኛ አይባልም። እኔ ግን በዚህ ብቻ አልፈርድባቸውም፤ አንድ አንድ በሬ ያላቸውን ሁለት ቂመኞች በሬያቸውን የሚያቀናጃቸው የእርሻው ወራት አይደለምን? የዕርቁ ፈተና ትርፉ ሲከፈል ይመጣል። በ2001 ስለ ትርፍ አከፋፈል ክርክር ተነሥቶ ፌልደር ከጓዱ ተሰናበተ። ከ1979 በኋላ የመጀመሪያው ሙሉ አዲስ አልበማቸው በ2007 ሲወጣ፣ ከአምስቱ አራቱ ብቻ ነበሩበት።