ፎቶ ማንሳትና ፊት መንሳት

ዛሬ በየወጣት ኅብረቱ ጥሩ ዓይን ያለው ልጅ አይጠፋም። ብርሃን መቼ እንደሚያምር፣ ጥላ የት እንደሚወድቅ ማንም ሳያስተምረው ያውቃል። የያዘው ስልክ ብቻ ቢሆንም የሚያነሳው ፎቶ ግን ያስደንቃል። ይህ ስጦታ ነው፤ ሰጪውም እግዚአብሔር ነው። ፎቶግራፎችን በኢንተርኔት ለሽያጭ አቅርቦ ለትምህርት፣ ለትራንስፖርት ወይም ለቤት ኪራይ የምትሆን ጥቂት ዶላር ማግኘትም ይቻላል። በላብ የሚገኝ እንጀራ ነውና የሚያሳፍር ነገር የለበትም፤ ሐዋርያው ጳውሎስም ድንኳን ይሰፋ ነበር (የሐዋ. 18፥3)። የሚያስቸግረው ጥያቄ የሚመጣው ፎቶው ውስጥ ሰው ሲኖር ነው። ያን ጊዜ የምንሸጠው ምንድን ነው? የማንን?

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ከእንጦጦ ተራራ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ወደ ከተማ የሚወርዱ እናቶችን የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ የለም። አንድ ወጣት በማለዳ ከመንገድ ዳር ቆሞ፣ አንዲት እናት ከሸክማቸው ሥር ቀና ባሉበት ቅጽበት ፎቶ ያነሳቸዋል። ፎቶው ግሩም ነው። የፊታቸው መስመር፣ የላባቸው ጠብታ፣ ከኋላቸው ያለው ጭጋግ፣ ሁሉም አለ። እናት ያልፋሉ። እሱም ማታ ቤቱ ገብቶ «ድሃ አፍሪካዊት ሴት» የሚል መግለጫ ይጽፍበትና ለሽያጭ ያወጣዋል። ሰላም አላላቸውም፤ ስማቸውንም አልጠየቀም።

ሰው አይቶ እንዳላየ ሲያልፈን፣ ሰላምታ ሲከለክለን «ፊት ነሳኝ» እንላለን። በቋንቋችን «ማንሳት» እና «መንሳት» የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ነው። ይህ ወጣት የእኚህን እናት ፎቶ አንስቷል፤ ፊት ግን ነስቷቸዋል።

ገበያው እንዴት ይሠራል?

ስለ አንድ ሥራ ግብረ ገብ ከመነጋገራችን በፊት ሥራውን ማወቅ ይገባል። እንደ ሹተርስቶክና ጌቲ ኢሜጅስ ያሉ ድርጅቶች የሚሸጡት ፎቶውን በባለቤትነት ሳይሆን በፎቶው የመጠቀም ፈቃድን ነው። ስለዚህ አንድ ፎቶ አንድ ጊዜ ተሽጦ አያልቅም፤ ለመቶ ደንበኛ መቶ ጊዜ ሊሸጥ ይችላል። የገዛውም ሰው ቆርጦ፣ ቀለሙን ለውጦ፣ የራሱን ጽሑፍ ከጎኑ ያስቀምጣል። ከተሸጠ በኋላ «መልሱልኝ» ማለት አይቻልም። ክፍያውም ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፤ ሹተርስቶክ በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው የክፍያ ሥርዓት ለአንሺው የሚደርሰውን ዝቅተኛ ድርሻ 10 የአሜሪካ ሳንቲም አድርጎታል።

ድርጅቶቹ ደንብ አላቸው። ማንነቱ የሚለይ ሰው ያለበት ፎቶ ለንግድ ማስታወቂያ እንዲሸጥ ከተፈለገ ያ ሰው የፈረመበትን የፈቃድ ቅጽ ይጠይቃሉ። ለአካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ይፈርማል። ቅጽ የሌለው ፎቶ ደግሞ ለዜናና ለመሳሰለው ብቻ በሚያገለግል ሌላ ክፍል ሊገባ ይችላል። ፈቃድ መጠየቅ የከበደው አንሺ በዚህች በር ይገባል። ቅጹን በጓደኛ እጅ ማስፈረምማ ውሸት መሆኑን ለመናገር ሐተታ አያስፈልገውም።

«መንገድ ላይ ነው ያነሳሁት»

እዚህ ላይ ወጣቱ የሚያቀርበው ክርክር ቀላል አይደለም። «ስልኩን የገዛሁት እኔ፤ በብርድ የቆምኩት እኔ፤ መንገዱም የሁሉ ነው። እሳቸው ፎቶውን መቼም አያዩትም። ምን ጎዳኋቸው?»

በመጀመሪያ፣ የአገራችን ሕግ በዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ ለሽያጭም እንዳይቀርብ ይከለክላል። አንቀጽ 28 የሚፈቅዳቸው ሁኔታዎች አሉ፤ የታወቁ ሰዎች፣ በሕዝብ ፊት የተፈጸሙ ድርጊቶችና በዓላት፣ የሳይንስና የትምህርት ጥቅም ከእነዚህ መካከል ናቸው። ኢንተርኔት ሳይታሰብ በፊት የተጻፈው ይህ ሕግ መሸጥን በስሙ መጥራቱ ልብ ሊባል ይገባል። ሕጉን የጻፉት ሰዎች የካሜራው ባለቤትና የፊቱ ባለቤት ሁለት ሰዎች መሆናቸውን አውቀዋል።

ሁለተኛ፣ «አያዩትም» የሚለው ተስፋ ብዙ ጊዜ ይከሽፋል። በመጋቢት 1936 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊቷ ዶሮቲያ ላንግ በካሊፎርኒያ ኒፖሞ በተባለ ቦታ፣ ሰብሉ በውርጭ በተመታበት የአተር ለቃሚዎች ሰፈር፣ ልጆቿ የተጠጉባትን የ32 ዓመት እናት አነሳች። ስሟን አልጠየቀችም። ፎቶው በዓለም ከታወቁት አንዱ ሆነ። የሴትዮዋ ስም፣ ፍሎረንስ ኦወንስ ቶምፕሰን፣ የታወቀው ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1978 እ.ኤ.አ. ነው። ያን ጊዜ የተናገረችው ምሬት ነበር፤ ስሟ አለመጠየቁ፣ ከፎቶው አንዲት ሳንቲም አለማግኘቷ ቆጭቷታል፤ ባልተነሳሁ ኖሮም ብላለች። በ1983 አረፈች። በ1998 የዚያ ፎቶ አንድ ቅጂ በኒው ዮርክ ጨረታ በ244,500 ዶላር ተሸጠ።

ለላንግ ፍትሐዊ እንሁን። ያነሳችው የመንግሥት ሠራተኛ ሆና ነው እንጂ ለግል ንግድ አልነበረም። ፎቶዎቹ በጋዜጣ ሲወጡም መንግሥት 90 ኩንታል ያህል ምግብ ወደ ሰፈሩ ልኳል። ፎቶው መልካም ሠርቷል። ነገር ግን ምግቡ ሲደርስ ያች እናት ከነልጆቿ ከሰፈሩ ሄዳለች። ፊቷ ሌሎችን መገበ፤ እሷን ግን አላገኛትም።

ከደጅ የሚቆም አበዳሪ

ቅዱሳት መጻሕፍት ስለ ካሜራ አይናገሩም። የሌላውን ሰው ንብረት ስለምንጠይቅበት መንገድ ግን አብዝተው ይናገራሉ። ዘዳግም 24፥10-11ን አውጥታችሁ አንብቡ። አበዳሪ መያዣ ለመውሰድ ወደ ተበዳሪው ቤት እንዳይገባ፣ ከደጅ ቆሞ ባለቤቱ ራሱ እስኪያወጣለት እንዲጠብቅ ታዟል። አስተውሉ፤ አበዳሪው መያዣ የመጠየቅ መብት አለው። ሆኖም መብት ያለው ሰው እንኳ የድሃውን ደፍ አያልፍም። ምን እንደሚሰጥ የሚመርጠው ባለቤቱ ነው።

የሰው ፊት ከቤት ይበልጣል። ጌታችን ዲናሩን ይዞ መልኩ የማን እንደሆነ በጠየቀ ጊዜ (ማቴ. 22፥20-21) የቄሣር መልክ ያለበት የቄሣር መሆኑን አሳየን። የእግዚአብሔር መልክ ያለበትስ የማን ነው? እንጨት የተሸከሙት እናት ፊት ላይ ማኅተሙ አስቀድሞ ታትሟል። ስለዚህ ከደጅ ቆሞ መጠበቅ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የባለቤቱን ማኅተም ማክበር ነው።

ከደጅ መቆም ማለት ግን «ላንሳዎት?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይደለም። እኛ ይሉኝታ የምናውቅ ሕዝብ ነን። የተማረ የሚመስል ልጅ በትሕትና ሲጠይቃቸው እምቢ ማለት የሚከብዳቸው ብዙ እናቶች አሉ። ይሉኝታ የወለደው «እሺ» ፈቃድ አይደለም። ለራበው ሰው ሃምሳ ብር አሳይቶ የተገኘ «እሺ»ም እንዲሁ ያጠራጥራል። እውነተኛ ፈቃድ የሚገኘው የተጠየቀው ሰው ምን እንደሚፈቅድ ሲያውቅ ነው። «እማማ፣ ፎቶዎን ውጭ አገር ያሉ ሰዎች ይገዙታል፤ ማስታወቂያ ላይ ሊያወጡት ይችላሉ፤ አንዴ ከወጣ እኔም መመለስ አልችልም። እምቢ ቢሉኝ አልቀየምም» ብሎ ማስረዳት ይገባል። ይህን ለማለት ድፍረት ካጣን፣ ያጣነው እምቢ እንደሚሉ ስለምናውቅ ይሆናል።

በዚያው ምዕራፍ ቍጥር 14 እና 15 ላይ ደግሞ የድሃ ሠራተኛ ደመወዝ ፀሐይ ሳይጠልቅ እንዲከፈል ታዟል። ፊታቸው ከሠራልን፣ ከሽያጩ ድርሻቸውን ማሰብ ልግስና ሳይሆን ደመወዝ ነው። 10 ሳንቲም ለሁለት ሲካፈል ያስቃል ትሉ ይሆናል። እንግዲያው ለዚህች ሳንቲም ተብሎ የሰው ፊት ያለ ፈቃዱ ይሸጣል? ነቢዩ አሞጽ ድሃውን በጥንድ ጫማ ዋጋ የሚለውጡትን ሲገሥጽ (አሞ. 8፥6) ያሳዘነው የዋጋው ማነስ ብቻ አልነበረም፤ ሰው ዋጋ የወጣለት መሆኑ ነበር።

ታዲያ የተቸገረ ሰው ፎቶ አይነሳ?

እንዲህ ብንል ሌላ ስሕተት ውስጥ እንገባለን። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ኬንያዊው መሐመድ አሚን ከቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል በርክ ጋር ሆኖ ከኮረም የቀረጸው ምስል ባይታይ ኖሮ ዓለም ረሃባችንን በዚያ ፍጥነት ባላወቀ ነበር። የብዙ ሰው ሕይወት በዚያ ካሜራ ምክንያት ተርፏል። የተሸሸገን መከራ ማሳየት ምስክርነት ነው፤ ምስክር ደግሞ ሁልጊዜ ቅጽ አያስፈርምም።

ነገር ግን ምስክርነትና ንግድ አንድ አይደሉም። ምስክር የሚያሳየው ሰውየው እንዲረዳ ነው፤ ነጋዴ የሚያሳየው ዕቃው እንዲሸጥ ነው። ምስክርም ቢሆን ዕዳ አለበት። በዚያው ረሃብ በካናዳ ቴሌቪዥን የተቀረጸችው ሕፃን ብርሃን ወልዱ ትሞታለች ተብላ ነበር። ምስሏ በሐምሌ 1977 በላይቭ ኤድ ኮንሰርት ለዓለም ሲታይ ብዙው ተመልካች ፊቷን እንጂ ስሟን አላወቀም። እሷ ግን አልሞተችም። በሰኔ 1997 ለንደን መድረክ ላይ አድጋ፣ ተምራ፣ በስሟ ተጠርታ ቆመች። ፊት የነበረችው ሰው ሆና ታየች። እያንዳንዱ «የድሃ ፎቶ» ውስጥ እንዲህ ያለ ያልተነገረ ነገ አለ።

ለዚህ ነው ከፎቶው ሥር የምንጽፈው መግለጫም የሚያስጠይቀን። እንጨት ተሸካሚዋ እናት ልጆቻቸውን በዚያ ሸክም ያስተማሩ፣ የዕድራቸው ዳኛ፣ የጸሎት ቤታቸው ሽማግሌ ሊሆኑ ይችላሉ። ስማቸውን ሳናውቅ «ድሃ» ብለን ብቻ ከጻፍን፣ በባልንጀራ ላይ በሐሰት መመስከርን የከለከለው ትእዛዝ እኛንም ያየናል።

የራሳችን ካሜራ

ይህ ነገር የገበያ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። በኮንፈረንስ ላይ ተንበርክካ የምታለቅስ እኅት ፊት ላይ ካሜራ የምናስጠጋው እኛ አይደለንም? ለአረጋውያን ብርድ ልብስ ስናድል ብርድ ልብሱን በአንድ እጅ፣ ስልኩን በሌላው የምንይዘውስ? እንባዋን ለጌታ አፈሰሰች እንጂ ለገጻችን አልሰጠችም። ጌታ ምጽዋት ስንሰጥ መለከት እንዳናስነፋ ሲነግረን (ማቴ. 6፥2-4) የሚጠብቀው የሰጪውን ልብ ነው፤ የተቀባዩንም ክብር አብሮ ይጠብቃል።

አጋርን አስቡ። በዘፍጥረት 16 አብራምና ሦራ ስለ እሷ ሲነጋገሩ «ባሪያ» ይሏታል እንጂ በስሟ አይጠሯትም። በምድረ በዳ ያገኛት የጌታ መልአክ ግን በስሟ ጠራት፤ ከወዴት እንደመጣችና ወዴት እንደምትሄድም ጠየቃት። እሷም ያን ጊዜ እግዚአብሔርን የሚያየኝ አምላክ አለችው። መታየት ማለት ለእሷ በስም መጠራትና መጠየቅ ነበር። ለፎቶ አንሺ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም። መጀመሪያ ስም፤ ቀጥሎ ከየት፣ ወዴት፤ ካሜራው ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ይህ መንገድ ዋጋ ያስከፍላል፤ አንደብቀው። ስም ስንጠይቅ ብርሃኑ ያልፋል። ስናስረዳ እምቢ እንባላለን። በወሩ ሃያ ፎቶ የሚያወጣ ጓደኛችን ይቀድመናል፤ የትምህርት ክፍያውም ቀን ይደርሳል። ቢሆንም ያለ ማንም ፈቃድ የምንሸጠው ብዙ ነገር እግዚአብሔር ሰጥቶናል፤ የመስከረም አደይ፣ የጭጋግ ተራራ፣ የሚታመስ ቡና፣ የራሳችን እጅ። እምቢ ያሉንን እናት ፎቶ ደግሞ እንተወው። ያ ያልተሸጠ ፎቶ በማንም ገጽ ላይ አይወጣም፤ እኚያ እናት ግን በሚቀጥለው ማለዳ ሲወርዱ በስማቸው የሚጠራቸው፣ ሸክማቸውን ትንሽ የሚያግዛቸው አንድ ልጅ መንገድ ዳር ቆሞ ያገኛሉ።