ወደ ሱባ ደን ለምትወጡ ልጆቼ

ልጆቼ ሆይ፥ በሰበታም በቡራዩም በሱሉልታም የምትኖሩ፥ የአዲስ አበባም ጎረምሶችና ኮረዶች፥ የወጨጫን ተራራ በየማለዳው በሩቁ እያያችሁ፥ እግራችሁን ግን አንድ ቀን እንኳ ሳታነሡለት ዕድሜያችሁ እንዳያልፍ አደራ እላችኋለሁ። ባሕር ማዶ ደርሶ መምጣት ደግ ነው፤ ነገር ግን የሰውን አገር መናፈሻ ፎቶግራፍ አንሥቶ ለጎረቤቱ የሚያሳይ ሰው፥ በደጁ ስላለው ስለ መናገሻ ሱባ ደን ሲጠየቅ መልስ የሚያጣ ከሆነ፥ መንገዱ ረዘመ እንጂ ዕውቀቱ አልሰፋም።

ይህ ደን እንዲያው በአጋጣሚ የተረፈ ዱር አይደለም። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የጥድ ዘር ከወፍ ዋሻ ደን አስመጥተው በወጨጫ ተዳፋት ላይ እንዳስተከሉ በትውፊት ይነገራል። ከእርሳቸው በኋላ አራት መቶ ዓመት አልፎ አዲስ አበባ ተቆርቁራ ጥቂት እንደ ቆየች፥ ከተማይቱ በዙሪያዋ ያለውን ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ ፈጅታው ስለ ነበር፥ ዐፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር፤ ከዚያ ጭንቅ ያወጣት ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍን አላማውም፥ ባለውለታችን ነውና፤ ነገር ግን በሥሩ ሌላ ተክል እምብዛም ስለማያስጠጋ፥ ደን ምን እንደ ሆነ ለማወቅ የሚሻ ሰው ጥዱና ዝግባው፥ ወይራውና ኮሶው ተደባልቀው ወደ በቀሉበት ወደ ሱባ ይውጣ።

አካሄዱን ልንገራችሁ። በማለዳ ድረሱ፤ መንገድ መሪ ያዙ፤ የአገሩን ሰው «አካም ጅርቱ» ብላችሁ በቋንቋው ሰላም በሉት። ከዚያ ወዲያ አርምሞ ይገባል። ድምፅ ማጉያ ተሸክሞ ደን የሚገባ ሰው ከቤቱ ለምን እንደ ወጣ እኔ ከቶ አይገባኝም፤ ድኩላ ኮቴ ሲሰማ እንደ ውሻ አንድ ጊዜ ጮኾ ይሰወራልና፥ ጫጫታ የወደደ ሰው የሚያየው የጓደኞቹን ጀርባ ብቻ ነው። ዝም ብሎ የቆመ ግን ጉሬዛዎቹ በዝግባው ጫፍ ተቀምጠው ፀሐይ ሲሞቁ ያገኛቸዋል፤ በጥቁሩ ገላቸው ግራና ቀኝ የሚወርደው ነጭ ጠጉር የደብር አለቃ ካባ ይመስላል፤ ምግባቸውም አብዛኛው ቅጠል ነው። ከኮሶው ሥር ስትደርሱ ደግሞ ቀይ ቡናማ ልጡ በስሱ እየተላጠ ሲረግፍ ተመልከቱ፤ የሴቲቱ ዛፍ ቀላ ያለ አበባ ተንዠርግጎ ስታዩትም፥ አያቶቻችሁ ፊታቸውን አጨማድደው ለሆዳቸው ትል ይጠጡት የነበረው ይኸው መሆኑን አስቡ።

የሥነ ፍጥረትን ትምህርት ከሊቃውንት የሰማ ሰው፥ ዕፀዋት በማክሰኞ፥ አዕዋፍና በውኃ የሚኖሩት በሐሙስ፥ የምድር እንስሳት በዓርብ እንደ ተፈጠሩ ያውቃል። በሱባ ማክሰኞና ዓርብ አብረው ይታያሉ፤ ሐሙስን በሙላት ማየት የወደደ ግን በሌላ ቀን በቡራዩ አጠገብ ወዳለው ወደ ገፈርሳ ውኃ ይሂድ። ይህ የአዲስ አበባ ሕዝብ የሚጠጣው ውኃ ነውና እጃችሁንም ቆሻሻችሁንም ከእርሱ አርቁ። በዳርቻው ከአገራችን በቀር በየትም ዓለም የማትገኘው ሰማያዊ ክንፍ ያላት ዝይ ስትግጥ ትታያለች፤ በአውሮፓ ክረምት በገባ ጊዜ ደግሞ ከዚያ ብርድ የሸሹ ዳክዬዎች መጥተው ከእርስዋ ጋር ይሰነብታሉ።

አንድ ጊዜ አይቶ «ሱባን አውቀዋለሁ» የሚል ሰው አያስደስተኝም። በጥቅምት የሄዳችሁ በየካቲት ተመለሱ፤ በጥቅምት አረንጓዴ የነበረው ምን እንደ ሆነ፥ የትኛው ምንጭ እንደ ደረቀና የትኛው እንዳልደረቀ፥ የትኛው ወፍ ድምፁን እንዳጠፋ መዝግቡ። ጉልበቱ ያላችሁ ደግሞ ከ3,300 ሜትር በላይ ወደሚደርሰው ወደ ወጨጫ ጫፍ ውጡ፤ ዛፉ እያጠረ ሄዶ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ሲተካው እስትንፋስ ስለሚያጥር በዝግታ ተራመዱ፥ ጋቢ ወይም ካፖርት አትርሱ፥ ከሰዓት በኋላ ጉም መውረድ ሲጀምርም መሪያችሁ «እንመለስ» ካላችሁ አትከራከሩት።