እውነትንና ምሕረትን በአንድነት ስለ መያዝ
(በማይድን ሕመም ላይ ላለ ዘመድ ሊደረግ ስለሚገባው)

ሞት የማይቀር ዕዳ መሆኑን ሁላችንም በአፋችን እንናገራለን፤ ወደ ቤታችን ሲቃረብ ግን እንዳልሰማን እንሆናለን። ይልቁንም ካንሰር የሚባለው የነቀርሳ በሽታ በሰውነቱ ተሠራጭቶ ሐኪም አይድንም ያለው ዘመድ ሲኖረን አንድ ከባድ ጥያቄ በፊታችን ይቆማል። ይኸውም እውነቱን ለሕመምተኛው መንገር ይገባልን? ወይስ መሰወር ይሻላል? የሚል ነው።

ነገሩ እንዲገለጥልን በቡናው አገር፣ በሚዛን ተፈሪ ወይም በቴፒ አቅራቢያ የምትኖር አንዲት እናት እናስብ። ቡናዋን ተክላ፣ ልጆችዋን አሳድጋ ስታበቃ፣ በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ነቀርሳ ቀጥሎ የሚበዛው የማኅፀን በር ነቀርሳ ያዛት። ሕመሙ ሲጸናባት ልጆችዋ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው ጅማ ያደርሱአታል። ሐኪሙም ልጆቹን ለብቻቸው ጠርቶ በሽታው ከመዳን እንዳለፈ ይነግራቸዋል። እነርሱ ግን እንባቸውን ጠርገው፣ «እማዬ፣ ቀላል ነው፤ ለቡና ለቀማ ትደርሻለሽ» ይሉአታል።

ይህን የሚያደርጉት ከፍቅር የተነሣ ስለ ሆነ አንነቅፋቸውም። መርዶ እንኳ በአገራችን ልማድ በድንገት አይነገርም፤ ሽማግሌዎች ተሰብስበው በጥበብ ያረዳሉ እንጂ። ነገር ግን መርዶ ስለ ሌላ ሰው ሞት የሚነገር ነው፤ ይህ ግን የገዛ ራስዋን ዕድሜ ከራስዋ መሰወር ነው። ደግሞስ በእውነት ይሰወራልን? ሕመምተኛዋ የጎረቤቱን ሹክሹክታ ትሰማለች፤ የልጆችዋን ቀይ ዓይን ታያለች። እንዳይጨነቁ ብላ እርስዋም የምታውቀውን ትደብቃለች። እንዲህ ሆኖ በአንድ ጣራ ሥር የሚዋደዱ ሰዎች እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ያለቅሳሉ።

ነቢዩ ኢሳይያስ ለንጉሥ ሕዝቅያስ ሞቱ መቅረቡንና ቤቱን ማሰናዳት እንደሚገባው በግልጥ ነገረው። ንጉሡም ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ አለቀሰ፤ ጸለየም፤ በዕድሜውም ላይ 15 ዓመት ተጨመረለት። እውነቱ ጸሎትን ወለደ እንጂ ተስፋን አልገደለም። እንግዲህ እውነቱ የተሰወረበት ሰው ሦስት ታላላቅ ነገሮች ይቀሩበታል። እነርሱም ንስሐ ገብቶ ሥጋውንና ደሙን መቀበል፣ ከተጣላው ጋር መታረቅ፣ ስለ ቤቱም መናዘዝ ናቸው። የነፍስ አባት የሚጠራው አንደበት ከተዘጋ በኋላ ከሆነ ምን ሊሰማ ይችላል?

ስለ ኑዛዜውም ቢሆን መዘግየት ጉዳት አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሞት የቀረበበት ሰው በሁለት ምስክሮች ፊት በቃሉ የሚናዘዘውን የሚቀበለው ስለ ቀብሩ፣ ስለ ታናናሽ ልጆቹ ሞግዚትና እያንዳንዱ ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው። ከዚህ የሚበልጠው በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ሌላ ሰው የጻፈው እንደ ሆነም በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ መፈረም ይገባዋል። ስለዚህ በመጨረሻው ሌሊት ስለ ቡናው ማሳ በቃል ብቻ የተነገረው ነገር ለልጆቹ በረከት መሆኑ ቀርቶ የክርክር መነሻ ሊሆን ይችላል።

ይሁን እንጂ እውነትን እንንገር ስንል እንደ ዳኛ ፍርድ እናንብብ ማለታችን አይደለም። አስቀድመን ሕመምተኛው ስለ ሕመሙ ምን እንደሚያውቅና ምን ሊያውቅ እንደሚወድ በትሕትና እንጠይቀው። መስማት ካልፈለገ አናስገድደው፤ ከጠየቀን ግን አንዋሸው። የሚወደው ዘመድና የነፍስ አባቱ ባሉበት ቀስ በቀስ ይነገረው። የዕድሜን ቀን ቈጥሮ የያዘ እግዚአብሔር ብቻ ስለ ሆነ ይህን ያህል ቀን ቀርቶሃል አንበለው።

እውነትን ከተናገርን በኋላም ጥለነው አንሂድ። ሲስሊ ሳንደርስ የተባለች እንግሊዛዊት ሐኪም በ1959 ዓ.ም. ለንደን ላይ በማይድን ሕመም ላሉ ሰዎች የማስታመሚያ ቤት ከፍታ፣ የሕመምተኛው ሥቃይ የሥጋ ብቻ ሳይሆን የኅሊናና የመንፈስም መሆኑን አስተምራለች። በአገራችንም ሆስፒስ ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት በአዲስ አበባ ይህንኑ አገልግሎት ይሰጣል። ሞርፊን የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ሞትን ያፋጥናል ብለው የሚፈሩ አሉ፤ ነገር ግን ሐኪም በመጠኑ ሲሰጠው ሥቃይን ያቀላል እንጂ አይገድልም። መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር መሆኑን መጽሐፈ ሲራክ ያስተምረናልና ማስታገሻውን መውሰድ የእምነት ጉድለት አይደለም። ጠበሉም፣ ጸሎተ ቀንዲሉም፣ የሐኪሙም እጅ በአንድ አልጋ አጠገብ ሊገናኙ ይችላሉ። ሥቃዩ የቀለለለት ሰው ለመጸለይም፣ ልጆቹንም ለመመረቅ ኃይል ያገኛል።

የቡና ገበሬ ፍሬው ከመቅላቱ በፊት የማድረቂያውን አልጋ ያሰናዳል፤ ይህን ማድረጉም ፍሬውን መጥላቱ አይደለም። እኛም ለዘመዳችን ፍጻሜ ስንዘጋጅ ሞቱን መመኘታችን አይደለም። የቀረችውን ጊዜ በሐሰት እንዳናባክንበት እንጠንቀቅ። ያቺ እናት ለቡና ለቀማው ባትደርስ እንኳ ልጆችዋን መርቃ፣ ጎረቤትዋን ይቅር ብላ፣ ቅዱስ ቁርባን ተቀብላ ብትሰናበት ልጆችዋ የሰጡአት ስጦታ ከማናቸውም የማጽናኛ ሐሰት ይበልጣል።

የሕያዋንና የሙታን አምላክ ለሕመምተኞቻችን ዕረፍትን፣ ለአስታማሚዎች ትዕግሥትን ይስጥልን፤ የሁላችንንም ፍጻሜ ያሳምርልን፤ አሜን።