ውለታና ሚዛን

ሰጪ ስጦታውን ሲሰጥ «ይህችን ክፍል አትንካ» ቢል፥ ስጦታው ሙሉ ነውን? ይህ ጥያቄ ወዳጆችን አከራክሯል።

ሪቻርድ ስቶልማን በ1985 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የነፃ ሶፍትዌር ፋውንዴሽንን አቋቋመ። ዓላማውም ማንም ሰው የኮምፒዩተር ፕሮግራምን መርምሮ፣ አርሞና ለባልንጀራው አካፍሎ እንዲጠቀም ነበር። በ1993 የተጀመረው የደቢያን ማኅበር የዚህን ድርጅት ፕሮግራሞች ወሰደ፤ ድርጅቱም ከ1994 እስከ 1995 በገንዘብ ረዳው። ደቢያን በ1997 ስርጭቱ መላው ነፃ ሆኖ እንደሚኖር ለሕዝብ ቃል ገባ።

ድርጅቱ በ2000 ለመምሪያ መጻሕፍት ባወጣው ፈቃድ ግን፥ ደራሲው ስለ ዓላማው የጻፈውን ክፍል ማንም እንዳይለውጠውና እንዳያወጣው መከልከል ይችላል። ሥራውን ወስዶ ዓላማውን የሚጥል እንዳይነሣ ነው፤ ስጋቱም ከንቱ አይደለም።

የደቢያን አባላት በ2006 ድምፅ ሰጥተው፥ እንዲህ ያለ ክፍል ያለበት መጽሐፍ ነፃ አይባልም አሉ። የሌለበትን ተቀበሉ። ኢማክስ የተባለው የድርጅቱ ፕሮግራም መምሪያም ነፃ ካልሆኑት ጋር ለብቻው ተቀመጠ፤ የሚፈልገው ሰው ግን ያገኘዋል።

ወጣቶች ሆይ፥ በባዕድ ዕቃ ላይ ሚዛንን ማቅናት ቀላል ነው፤ የወዳጅ ዕቃ ሲመጣ ግን እጅ ይንቀጠቀጣል። ለወዳጅ የሚያጋድል ሚዛን ለማንም አይታመንም። ውለታ ይከፈል ዘንድ ይገባል፤ የሚከፈለውም በምስጋና ነው እንጂ ቃል ኪዳንን በማፍረስ አይደለም።