ምስክር በሌለው ዘመን ውስጥ የሕፃን ጉዞ

ሕፃን በምናቡ ከዳይኖሰሮች መካከል ገብቶ ሲሸሽ፣ ሲደበቅ ወይም ሲጋልባቸው የሚፈጥረው ጀብዱ፣ በጥሞና ለሚመረምረው ሰው ከጨዋታነት ያለፈ ጥያቄ ያነሣል። ምናብ ሲባል ከፊት የሌለን ነገር በአእምሮ ፊት የማቆም ችሎታ ማለት ሲሆን፣ ሰው በዚህ ችሎታ በተረት የሰማውን ባለ ሰባት ራስ ዘንዶም ሆነ በሞት የተለዩትን አያቱን ሊያስብ ይችላል። ዳይኖሰር ግን ከሁለቱም ይለያል፤ እንደ ዘንዶው የተረት ፍጥረት ሳይሆን በእርግጥ የኖረ ነው፣ እንደ አያትየው ደግሞ «አይቼዋለሁ» የሚልለት ምስክር የለውም፤ ምክንያቱም ወፎችን ካስገኘው ዘር በቀር ዳይኖሰሮች ከጠፉ 66 ሚሊዮን ዓመት ያህል ሲሆን፣ የሰው ዘር የታየው ከዚያ እጅግ ዘግይቶ ነው። እንግዲህ ማንም ያላየውን እውነት በምናብ ማየት ምን ዓይነት ማየት ነው?

ለዚህ ጥያቄ የሚቀርብ ጥንታዊ ምርመራ በሂፖው ጳጳስ በአውግስጢኖስ ድርሳን ውስጥ ይገኛል። «ስለ ሥላሴ» በተሰኘው መጽሐፉ በስምንተኛው ክፍል፣ በዓይኑ ስላያት ስለ ካርታጎ ሲያስብ የሚመጣለትን ሥዕልና በወሬ ብቻ ስለሚያውቃት ስለ እስክንድርያ ሲያስብ ራሱ የሚያበጀውን ሥዕል ይለያል፤ የፊተኛው ከትውስታ የተቀዳ ሲሆን የኋለኛው ከሌሎች ከታዩ ነገሮች የተገጣጠመ ነው። ይህቺን የራሱን እስክንድርያ የሚያውቋት ሰዎች ቢመለከቷት «ይህችው ናት» ይላሉ ብሎም አይጠብቅም። የእርሱ እስክንድርያ ግን ቢያንስ የሚያርሟት ነዋሪዎች ነበሯት። የዳይኖሰሮችን ዘመን የሚያርም ነዋሪ ስለሌለ፣ የእርማቱ ሥራ የተተወው ለቅሪተ አካል፣ ማለትም በደለል ተቀብሮ ወደ ድንጋይነት ለተለወጠ አጥንት ነው።

አጥንት እንዴት እንደሚያርም የኢጓኖዶን ታሪክ በሚገባ ያሳያል። ይህን ተክል በል እንስሳ እንግሊዛዊው ሐኪም ጊዲዮን ማንቴል እ.ኤ.አ. በ1825 በጥቂት ጥርሶች ላይ ተመሥርቶ ሰየመው፤ ቀራጺው ቤንጃሚን ዋተርሃውስ ሆኪንስም እ.ኤ.አ. በ1854 በደቡብ ለንደን ለሕዝብ በቀረቡት ግዙፍ ሐውልቶቹ ላይ፣ ቦታው በውል ያልታወቀውን ሾጣጣ አጥንት እንደ አውራሪስ ቀንድ በአፍንጫው ላይ ተከለው። እ.ኤ.አ. በ1878 ግን በቤልጅየም በበርኒሳር የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ከ300 ሜትር በላይ በሆነ ጥልቀት ውስጥ በርካታ አጽሞችን አገኙ፤ አጽሞቹን ያጠናው ሉዊ ዶሎም ሾጣጣው አጥንት የእጅ አውራ ጣት መሆኑን አሳየ። ለባለ ሰባት ራሱ ዘንዶ ስምንተኛ ራስ ቢጨመርለት ተሳስታችኋል የሚል አይኖርም፤ በኢጓኖዶን ላይ ግን መሳሳት ይቻላል፣ መሳሳት የሚቻል በመሆኑም መታረም ይቻላል። የለንደኖቹ ሐውልቶች እስከ ዛሬ ከነቀንዳቸው መቆማቸው በዚህ ረገድ ከብዙ የፍልስፍና መጽሐፍ የተሻለ አስተማሪ ነው።

በዳይኖሰር ፍቅር የተያዘ ሕፃን ይህን የእርማት ሕግ ማንም ሳያስተምረው የሚያከብር ይመስላል። ስቴጎሳውረስና ቲራኖሳውረስ ሬክስ ሲዋጉ የሚያሳይ ሥዕል ቢቀርብለት፣ በሁለቱ መካከል 80 ሚሊዮን ዓመት ያህል እንዳለ፣ ቲራኖሳውረስም በዘመን ከስቴጎሳውረስ ይልቅ ለሰው እንደሚቀርብ ጠቅሶ ሠዓሊውን ይነቅፋል፤ ነቅፎ ሳይጨርስ ግን ራሱን ያለ አንዳች ኀፍረት በእንስሳቱ መካከል ያስገባል። የቼኩ ፊልም ሠሪ ካሬል ዜማን እ.ኤ.አ. በ1955 ያወጣው፣ አራት ልጆች በጀልባ ወደ ጥንተ ዘመን የሚጓዙበት ፊልምም ይህንኑ ሁለትነት ይዟል፤ የቅሪተ አካል ሊቁ ዮሴፍ አውጉስታ ስላማከረበት እንስሳቱ የጊዜውን ዕውቀት ተከትለው ሲቀርቡ፣ ልጆቹ ግን ፈጽሞ ሊኖሩ በማይችሉበት ዘመን ማስታወሻ እየያዙ ያልፋሉ።

ሕፃኑ ራሱን እንዲህ ማስገባቱ አንድ የቆየ ክርክርን ያስታውሳል። ፈላስፋው ጆርጅ በርክሊ እ.ኤ.አ. በ1710 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ማንም የማያየውን ዛፍ አስባለሁ የሚል ሰው ሳያስተውል ራሱን ተመልካች አድርጎ ስለሚያስገባ፣ ያልታየ ነገር ሊታሰብ አይችልም ብሎ ተከራክሮ ነበር። በ20ኛው መቶ ዘመን ፈላስፋው በርናርድ ዊልያምስ የሰጠው መልስ ግን የሚታሰበውን ነገር ከሚታሰብበት ማዕዘን የሚለይ ነው፤ ተመልካች በመድረክ ላይ የሚያየው ሰው አልባ ደሴት፣ ተመልካቹ በአዳራሹ ስለተቀመጠ ብቻ ሰው አልባነቱን አያጣም። የሕፃኑም መገኘት በአብዛኛው ከዚህ የሚለይ አይደለም፤ የእንስሳው እግር ከቁመቱ ምን ያህል እንደሚበልጥ የሚያውቀው የገዛ አካሉን መለኪያ አድርጎ ሲያቆም ነው። ይህ ውሸት ነው የሚል ጥብቅ ሰው ቢኖር፣ በውሸት ላይ እጅግ የከረረ አቋም የነበረው አውግስጢኖስ እንኳ ቀልድንና ጨዋታን ከውሸት ቁጥር አላገባም።

ጉዳዩ የሚያስነሣው ሃይማኖታዊ ጥያቄ ከዚህ ይበልጥ ከባድ ነው። በመጽሐፈ ኢዮብ እግዚአብሔር ኢዮብን ምድር ስትመሠረት ወዴት እንደነበረ ይጠይቀዋል፤ በአንድ በኩል ይህ ጥያቄ በቦታው ያልነበረ ሁሉ ዝም እንዲል የሚያዝዝ ይመስላል። ነገር ግን ንግግሩ እየገፋ ሲሄድ፣ ሰው በማይኖርበት ምድር ላይ የሚዘንበውን ዝናብ፣ በበረሃ የሚወልዱትን አራዊት፣ በመጨረሻም በመጽሐፈ ሄኖክ ጭምር የሚታወቁትን ብሔሞትንና ሌዋታንን እያነሣ፣ ኢዮብን ለሰው ጥቅም ወዳልተሠራ ዓለም በምናብ የሚመራው እግዚአብሔር ራሱ ነው። ብሔሞት ዳይኖሰር ነው ብለው ዝርያውን ለማረጋገጥ የሚደክሙ ሰዎች የንግግሩን ዓላማ የሳቱ ይመስላል፤ ኢዮብ እንዲያይ የተፈለገው ዓለም ያለ እርሱም ሙሉ መሆኑን ነውና። ሕፃኑም ከዳይኖሰሮቹ የሚያገኘው ከዚሁ የተለየ አይደለም፤ ልዩነቱ ኢዮብ እጁን በአፉ ላይ ሲጭን፣ ሕፃኑ የእያንዳንዱን እንስሳ ረጅም ስም ሳያደናቅፍ እየጠራ፣ የተሳሳተውን አዋቂ ሁሉ ማረሙን መቀጠሉ ነው።