ዕውቀት በስንት ደጅ ይገባል?

ዕውቀት ወደ ሰው ልቡና የሚገባው በአንድ ደጅ ብቻ ነው ወይስ ሕዋሳት ሁሉ በየበኩላቸው መግቢያ ናቸው የሚለው ጥያቄ የጥንት ሊቃውንት የመረመሩት ቢሆንም፣ በዘመናችን ማንም ባልጠበቀው ስፍራ፣ ማለት በጽሕፈት ቤት ኮምፒዩተር ፊት፣ እንደገና ተነሥቶ መልስ ይጠይቃል።

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው ለምለም አገር የሚመረተው በቆሎና በርበሬ፣ ቀድሞ በመዝገብ ላይ በቁጥር ብቻ ይሰፍር የነበረው፣ አሁን በግራፍ ይሣላል፤ ዐይኑ የሚያይ ሠራተኛም ረዥሙንና አጭሩን ዓምድ በአንድ ንጽረት ተመልክቶ የትኛው ወረዳ እንደ ላቀ፣ የትኛው ደግሞ ወደ ኋላ እንደ ቀረ ይረዳል። ዐይነ ስውር የሥራ ባልደረባው ግን፣ ኮምፒዩተሩ ሪፖርቱን በድምፅ ሲያነብለት ቆይቶ ግራፉ ዘንድ ሲደርስ፣ «ሥዕል» የሚል አንድ ቃል ብቻ ይሰማል። ያው ግራፍ በሚገባ የተሠራ ቢሆን ኖሮ፣ ታብ የተባለውን ቁልፍ ተጭኖ ይገባበት፣ በቀስት ቁልፎቹም ከዓምድ ወደ ዓምድ ሲሻገር የየወረዳው ስምና የምርቱ መጠን በየተራ ይነገረው ነበር። ቁልፎቹን ማግኘትም አይቸግረውም፤ ኪቦርድን በጣቱ የሚዳስስ ሰው ኤፍና ጄ በተባሉት ቁልፎች ላይ ሁለት ትናንሽ ጉብታዎች ያገኛል፤ ሌባ ጣቶቹ በእነዚያ ላይ ሲያርፉ የቀሩት ፊደላት የት እንዳሉ ያለ ዐይን ርዳታ ያውቃል።

ነገር ግን አንድ ጠያቂ፣ «ዐይን ሁሉን በአንድ ጊዜ ያያል፤ ጆሮ ግን ጥቂት በጥቂት ይቀበላል፤ ታዲያ ሁለቱ ያገኙት ዕውቀት አንድ ነውን?» ቢል፣ ጥያቄው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። መልሱን ግን ያ ለምለም አገር የሚገኝበት ጎጃም ከቅኔ ቤቶቹ ሊሰጥ ይችላል። ባለ ስምንት ቤት መወድስ ከአንድ ባለ ቅኔ አፍ ሲወጣ፣ ሰሚዎቹ ወረቀት ሳይዙ የመጀመሪያውን ቤት እስከ መጨረሻው ድረስ በልባቸው ይዘው ይቆያሉ፤ ሰሙና ወርቁም የሚለየው፣ ምስጢሩም የሚገለጠው፣ በየተራ የተሰማው ሁሉ በአእምሮ ውስጥ አንድ አካል ሲሆን ነው። በዚህም ጉባኤ ዐይነ ስውራን ተማሪዎች ከሌሎቹ ጋር አብረው ቅኔ ሲቀጽሉና ሲዘርፉ ኖረዋል፤ ከእነርሱም መካከል ወንበር ዘርግተው ለማስተማር የበቁ አሉ። በእኔ አስተያየት ዐይንም ቢሆን የሚያመጣው ቁራጭ ቁራጩን ነው፤ ምሉዕ አድርጎ የሚያቆመው ልቡና ነው።

የቤተ ክርስቲያንም ታሪክ ለዚህ ይመሰክራል። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከው ቅዱስ አትናቴዎስ፣ በ4ኛው ምዕት ዓመት የእስክንድርያን ትምህርት ቤት የሚመራ መምህር ሲሻ የመረጠው፣ በሕፃንነቱ የዐይኑን ብርሃን ያጣውን ዲዲሞስን ነበር። ዲዲሞስ በእንጨት ላይ የተቀረጹ ፊደላትን በጣቱ እየዳሰሰ ማንበብን እንደ ተማረ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊዎች ያወሳሉ። እንግዲህ የጣት ንባብ ትናንት የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም።

ታዲያ ዐይነ ስውርን ከዕውቀት የሚያርቀው ምንድን ነው? በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ኃጢአቱ የማን እንደ ሆነ ሲጠይቁ፣ ጌታ በእርሱም በወላጆቹም ላይ የተጣለውን ወቀሳ አስወገደ። እኛ ግን አሁንም ያንኑ ወቀሳ በልባችን እንይዛለን። በአማራ ክልል እጅግ የተስፋፋው ትራኮማ ሽፋሽፍትን ወደ ውስጥ እያጠፈ፣ ብሌንን እየፋቀ፣ ጸጉሩን በወረንጦ እየነቀለች ስትሠቃይ የኖረችውን እናት ዐይን ሲያጠፋ፣ መንሥኤው ከዝንብና ከንጹሕ ውኃ እጦት ጋር የተያያዘ ደዌ እንጂ የነፍስ ዕዳ አይደለም። ደዌው ያልነካውን ልቡናዋን እንደዚያ በድምፅ እንደማይነገር ግራፍ ባለ ሥራ ከዕውቀት የሚያርቅ ሰው ግን፣ የራሱን አካል ልማድ ለሰው ሁሉ ሕግ አድርጎ አቁሟል፤ ይህም ግፍ ነው።

ግፉን ለማስቀረት የሚያስፈልገው መሣሪያ ሩቅ አይደለም። ማይክል ከረን የተባለ ዐይነ ስውር አውስትራሊያዊ እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው፣ ጄምስ ቴህ የተባለ ሌላ ዐይነ ስውርም ያገዘው፣ በኮምፒዩተሩ ስክሪን ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ ኤንቪዲኤ የተሰኘ የስክሪን አንባቢ ያለ ዋጋ ይገኛል። አገራችንም የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 9 መረጃን ለሁሉ ተደራሽ ማድረግን ያዝዛል።

ስለዚህ በወረዳም ሆነ በዞን ሪፖርት የምታዘጋጁ ወገኖቼ ሆይ፣ ግራፉን ከመላካችሁ በፊት ማውሱን ወደ ጎን አኑራችሁ በኪቦርድ ብቻ ግቡበት፤ ከሥሩም ቁጥሮቹን በሰንጠረዥ ጻፉ።